ከመጀመሪያው ያስጀመረን መምህር

የመምህር አጥናፉን ማረፍ የነገረችኝ ተማሪው የነበረችው ሐዋ ናት። ለሕክምና መጥቶ ከተኛበት ከአሶሳ ሆስፒታል በር ላይ ሆና ደወለች። «አረፈ» አለችኝ። ቀጥላም «ወረቀት ጽፎ ትቷል። የእርስዎም ስም አለበት» አለች።

ሄጄ ወረቀቱን አየሁት። አንዲት ፊደል እንኳ ከመስመር በማትወጣበት በዚያ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሕፈቱ፣ ቀብሩ እንዴት እንደሚፈጸም ዘርዝሮ አስቀምጧል። ድንኳኑ ከበሩ በስተግራ ይተከል፤ በስተቀኝ ያለው መሬት ውሃ ይቋጥራል። ድምፅ ማጉያ አያስፈልግም፤ መስማት የፈለገ ጠጋ ይበል። የሕይወት ታሪኬን ገመቹ ያንብብ፤ ከሦስት ደቂቃ እንዳይበልጥ፤ ያልሆንኩትን ሆነ ብሎ እንዳይጽፍ።

ገመቹ እኔ ነኝ። ሰውዬው ሞቶም ሥራ አዘዘኝ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም፤ ብሽቀት ነው። ከአልጋው አጠገብ ቆሜ «አሁንም?» ማለቴን አስታውሳለሁ። ሐዋ ሰማችኝ። እሷም ታውቀዋለች።

የሦስት ደቂቃዋን ጽፌ ጨርሻለሁ። የትውልድ ቦታ፣ የሥራ ዘመን፣ የጡረታ ጊዜ፤ በቃ። ይህኛው እዚያ ውስጥ መግባት ያልቻለው ነው።

እኔ ከጊምቢ ተመድቤ አሶሳ የገባሁት ክልሉ ገና በተቋቋመበት ሰሞን ነበር። በየበሩ የተሰቀሉት የቢሮ ታፔላዎች ቀለማቸው ገና አልደረቀም። አንዳንዱ ቢሮ ጠረጴዛና ወንበር ስላልነበረው ከእኛ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ እየተዋሰ ይወስድ ነበር፤ እኛ ደግሞ ተማሪዎቻችንን በአንድ ዴስክ ላይ አራት አራት አድርገን እናስቀምጣለን። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ማታ ማታ ትምህርቴን የማሻሽልበትና ቶሎ ወደ ወለጋ የምዛወርበትን መንገድ ነበር የማስበው። ዕቅዴ ይህ ነበር። መምህር አጥናፉ ግን ሌላ ዕቅድ አዘጋጅቶልኝ ጠበቀኝ።

እሱ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። የደሴ ልጅ ነው፤ ከወሎ ሰፋሪዎች ጋር አብሮ መጥቶ በሰፈራ መንደር በዳስ ሥር ሲያስተምር ቆይቶ፣ ብዙዎቹ ባልደረቦቹ ሲመለሱ እሱ እዚያው የቀረ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በየካቲት ሙቀት እንኳ የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ የማይፈታ ሰው። ሲያስተምር የጣቱን አንጓ ጠረጴዛው ላይ ያንኳኳል፤ የሚያንኳኳው ስህተት ሲሰማ ነው። የሚያንኳኳው ደግሞ ክፍል ውስጥ ብቻ አልነበረም። በመምህራን ስብሰባ ርዕሰ መምህሩ ሲናገሩ ያንኳኳል። ምግብ ቤት ገብተን አስተናጋጇ ያለውን ስትዘረዝር ያንኳኳል። የእኔን አማርኛ ሲሰማማ ጠረጴዛው ዕረፍት አልነበረውም። «ገመቹ፣ ‹ሄጄ ነበርኩ› አይባልም።» ኳ ኳ። «እንደገና።»

«እንደገና» የምትለዋን ቃል በሕይወቴ እንደ እሱ ያስጠላኝ ሰው የለም።

በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ላቦራቶሪ ብለን በምንጠራት ባዶ ክፍል መጣብኝ። ትናንት በቤተ ክርስቲያናችን አጠገብ ሲያልፍ አኮርዲዮን ስጫወት በመስኮት ሰምቶኛል።

«አኮርዲዮን ትችላለህ» አለኝ። ጥያቄ አልነበረም።

«ለመዝሙር ብቻ ነው፣ መምህር።»

«ጣትህ መዝሙርና ዘፈን ይለያል?»

ምን ብዬ ልመልስለት? ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጠረው። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ማንኛውንም ነገር እንደ እሺታ መቁጠር ልማዱ ነበር። ከኮቱ ኪስ፣ ጠርዙ የተበላና በክር የተሰፋ ወፍራም ጽሑፍ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።

የሙዚቃ ቲያትር ነው። ደሴ ተማሪ ሳለ አንዲት አሜሪካዊት በጎ ፈቃደኛ መምህርት ለትምህርት ቤታቸው አዘጋጅታው ነበር፤ እሱ በር ከፋች ሆኖ ተጫውቷል፤ የነበረችው ቃል አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። መምህርቷ ወደ አገሯ ስትመለስ ጽሑፉን ለእሱ ሰጠችው። «ብሮድዌይ የሚሉት የኒው ዮርክ ጎዳና ላይ ሰው ወረፋ ይዞ ለዓመታት ያየው ነው» ይለኝ ነበር። እውነት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ አንዲት የገጠር ልጅ ወደ ትልቅ ከተማ መጥታ ላውንደሪ ቤት በልብስ ተኳሽነት ትቀጠራለች። የሕንጻው ባለቤት ቤቱን ሊያፈርሰው ነው። ባለ ላውንደሪዋ አሮጊት ተስፋ ትቆርጣለች፤ ሠራተኞቹ ተሰብስበው ይዘፍናሉ፤ በዘፈን ብዛት ቤቱ ይተርፋል፤ መጨረሻ ላይ በረዶ ይወርድና ሁሉም አንሶላ እያውለበለቡ ይጨፍራሉ። እሱ ይህን ሁሉ ወደ አማርኛ መልሶታል። ስንት ዓመት እንደፈጀበት ጠይቄው «ገና አላለቀም» ነው ያለኝ።

«በረዶ?» አልኩት፤ አሶሳ ነው ያለነው።

«ጽሑፉ ላይ በረዶ ይላል» አለኝ።

እንግዲህ መከራዬ ከዚያ ጀመረ። ልምምዱ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ነው። የረፋዱንም ዕረፍቴን ይወስዳል፤ ቅዳሜዬን ይወስዳል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። የመዘምራን ሽማግሌዎቻችን አንድ ቀን ጠርተው «የጌታን ዕቃ ለዳንስ ታውለዋለህ አሉ» ብለው ገሠጹኝ። ላስረዳ ብሞክር ራሴም አላመንኩበትም። ለእሱ ብነግረው «የላውንደሪ ሥራ ንጽሕና ነው፤ ለሃይማኖት ቅርብ ነው በላቸው» አለኝ፤ ሲቀልድ ደግሞ ፊቱ አይለወጥም።

አንሶላ ያስፈልግ ነበር። አንሶላ የሌለው ላውንደሪ የለም ብሎ ከመምህራን መኖሪያ ለመነ፤ ከእኔ ግን አልለመነም፤ ከገመድ ላይ አንሥቶ ወሰደ። ሁለት ወር በባዶ ፍራሽ ተኛሁ። ሲመለስልኝ አንዱ መሃሉ ላይ በከሰል ካውያ ተተኩሶ የካውያው ቅርጽ ጥቁር ሆኖ ቀርቶበታል። በሩቅ አገር በብርድ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው ብሎ ተዋንያኑን ሁሉ ከሰልባጅ ተራ በተገዛ ካፖርት አለበሳቸው። ላብ ከልጆቹ አገጭ ሲንጠባጠብ አኮርዲዮኔን ይዤ አያለሁ። «መምህር፣ ቢያንስ በልምምድ ጊዜ ልጆቹ ያውልቁት» እላለሁ። «ካፖርት የለበሰ ሰው አካሄዱ ሌላ ነው» ይለኛል።

በረዶው ጥጥ እንዲሆን ተወሰነ። ጥጥ በአካባቢያችን ሞልቷል፤ ግን ፍሬው ያልወጣ ጥጥ ከጣራ ሲወረወር ራስ ይመታል። ስለዚህ ይዳመጥ፣ ይነደፍ፣ ባዘቶ ይሁን አለ። ማን ይዳምጠው? አንድ ቀን ወደ አሥረኛ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ በሙሉ ደብተራቸውን ከድነው ጥጥ ይዳምጣሉ። የእኔ ክፍለ ጊዜ ነው። «መምህር አጥናፉ ‹የዕፅዋት ትምህርት ላይ ስለሆናችሁ ይጠቅማችኋል› አሉን» አሉኝ። በዚያ ቀን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ ከሰስኩት። ርዕሰ መምህሩ ግንባራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አዳመጡኝና «ልጄ፣ እኔን ምን እንዳደረገኝ ልንገርህ?» ብለው ጀመሩ። ወጥቼ ሄድኩ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ትቼው ያልሄድኩት በሐዋ ምክንያት ነው።

ሐዋ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ቤተሰቦቿ ከሆሞሻ በኩል ናቸው፤ እናቷ አሶሳ ገበያ የደረቀ ባሚያና ማንጎ ትሸጣለች። በቤታቸው የሚነገረው የበርታ ቋንቋ ነው፤ አማርኛን የለመደችው ትምህርት ቤት ነው። እንደ ብዙዎቹ ልጆች ወንዱንና ሴቱን ትቀላቅለዋለች፤ «እናቴ መጣ» ትላለች፣ «እህቴ ሄደ» ትላለች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ክፍል ውስጥ ተነሥታ ስታነብ ተስቆባት፣ ቁጭ አለች፤ በማግስቱ አልመጣችም፤ አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት ቀረች። አጥናፉ ነው ገበያ ድረስ ሄዶ የመለሳት። እናቷ ከማንጎው ክምር ጀርባ ተቀምጣ «ትምህርት ጥሩ ነው፣ ሳቅ ጥሩ አይደለም። ሁለተኛ ከሳቁ ይቀራል፣ ቤት ይገባል» አለችው፤ ስለ ልጇ ነው። እሱም «ሁለተኛ አይሳቅባትም» ብሎ ቃል ገባ። ማን ቃል ግባ አለው? በሌላ ሰው አፍ ቃል የሚገባ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ግን ልጅቷ ስትዘፍን! አንድ ቀን ክፍል ስትጠርግ የሠርግ ዘፈን ስታንጎራጉር ሰምቷት ነው የመረጣት። ድምፅዋ ከታች ይነሣል፤ ዝቅ ብሎ፣ ሸካራ ሆኖ ይጀምርና ሳታስበው ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር ይገጥማል። እኔ ከአምስት ዓመት ልጅነቴ ጀምሮ ከመዘምራን ጋር ነኝ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ አልሰማሁም። የገጠሯን ልጅ፣ ዋናዋን፣ ለእሷ ሰጣት።

የከተማው ልጆች አጉረመረሙ። የቢሮ ኃላፊዎች ልጆች የሆኑ ሁለት ሴቶች «አማርኛዋ ያሳፍረናል» ብለው ከቲያትሩ ወጡ። እኔም ለብቻው ይዤ ነገርኩት። «መምህር፣ ‹አይዞሽ› የምትለውን ‹አይዞህ› እያለች ነው። ከአሮጊቷ ጋር ያለው ትልቁ ትዕይንት ላይ። ያርሟት።»

«አልታረመም?» ብሎ ጽሑፉን ገለጠ። በቀይ ቀለም «አይዞሽ» የሚለውን ሰርዞ «አይዞህ» ብሎ ጽፎበታል። «የምትጫወታት ልጅ ከገጠር የመጣች ናት። የከተማው ቋንቋ የእናቷ ቋንቋ አይደለም። አየህ፣ አሁን ጽሑፉ ትክክል ነው።»

«እኔን ግን በየቀኑ ያርሙኛል።»

«አንተ ደመወዝ ትበላለህ» አለኝ።

ከዝግጅቱ አንድ ሳምንት ሲቀር ከባህል ጉዳይ ቢሮ አንድ ኃላፊ ልምምዱን ሊያዩ መጡ። ጨዋ ሰው ነበሩ፤ እስከ መጨረሻው ተቀምጠው አዩ። ከዚያ «መምህር፣ ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ግን አዲስ ክልል ነን፤ ሕዝባችን ገና አሁን ነው የራሱን የሚያሳየው። ለምን የአሜሪካ? ቢያንስ መሃሉ ላይ ዙምባራ ይግባ። እንግዶች ይመጣሉ» አሉት። ዙምባራ የበርታ ረጃጅም መለከት ነው፤ ብዙ ሰው ሆኖ እየተቀባበለ የሚነፋው።

የሰውዬው ሐሳብ መጥፎ አልነበረም። እኔ ብሆን ኖሮ እሺ ብዬ ተኝቼ አድር ነበር። አጥናፉ ግን ጠረጴዛውን አንኳኳ።

«ዙምባራ ትልቅ ነገር ነው» አላቸው። «ለብቻው ቀን ይሰጠው፤ እኔም መጥቼ ወንበር እደረድራለሁ። ላውንደሪ ቤት መሃል እንደ ማጣፈጫ አላስገባውም። ደግሞ የበርታ ልጅ የራሷን ብቻ እንድትጫወት ማን ፈረደባት? የኒው ዮርኩንም ትችለዋለች።»

ኃላፊው ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ግን ዓይናቸው ጋ አልደረሰም። ርዕሰ መምህሩ በቁማቸው ሲያልባቸው አየሁ።

ዝግጅቱ የወላጆች ቀን ከሰዓት በኋላ ሆነ። አዳራሹ ሞላ። ከፊት፣ ጨርቅ የለበሱት ወንበሮች ላይ፣ የየቢሮው እንግዶች ተቀመጡ። ከኋላ አግዳሚ ላይ ወላጆች፤ መስኮቱን ሞልተው ተማሪዎች። የሐዋ እናት ከኋላ በኩል፣ በሩ አጠገብ ነበረች፤ ለመውጣት የተዘጋጀች ትመስል ነበር። ቆርቆሮው ጣሪያ እሳት ይተፋል። እኔ ከመድረኩ በስተቀኝ አኮርዲዮኔን ታቅፌ ተቀምጫለሁ፤ አጥናፉ ከእኔ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሟል።

መጀመሪያው መልካም ሄደ። እንዲያውም ከፈራሁት በላይ መልካም ሄደ። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ሐዋ ድምፅዋን ስትለቀው ከፊት ያሉት እንግዶች ቀና አሉ። ካፖርት የለበሱት ልጆች ካውያ ይዘው ሲሰለፉ ሰው አጨበጨበ። ሁለተኛው ክፍል ተጀመረ። ባለ ላውንደሪዋ አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሐዋ ወደ እሷ ሄደች፤ ተንበረከከች፤ እጇን ያዘች፤ ለዘፈኑ መግቢያ የሆነውን ቃሏን ተናገረች።

«አይዞህ፣ እናቴ።»

ከፊት አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ አጠገቡ ያለው። አንዱ ቃሉን ደገመው፤ «አይዞህ እናቴ!» አለ፣ ድምፅዋን አስመስሎ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፤ መስኮቱ ላይ ያሉትም፤ ሳቁ ቆርቆሮው ሥር ተጠራቀመ።

እኔም ሳቅሁ። ይህን ዛሬ እንደ ቀላል ነገር አልጽፈውም። ያን ያህል ጊዜ በአማርኛዬ የተሳቀብኝ እኔ፣ ጽሑፉ ላይ እንደዚያ መጻፉን በዓይኔ ያየሁት እኔ፣ ከሁለት ወር ድካምና ብስጭት በኋላ ሳቁ ከሆዴ ወጣ። ማድረግ የነበረብኝ አንድ ነገር ነው፤ የዘፈኑን መግቢያ ጀምሬ ሳቁን በድምፅ መሸፈን። እጄ ቁልፎቹ ላይ ነበር። አልጀመርኩም።

ሐዋ የአሮጊቷን እጅ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ ስታይ አየኋት። እናቷ ተነሥታ ቆማለች።

ያን ጊዜ አጥናፉ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣ። በቀስታ፣ ክፍል ውስጥ በሚሄድበት አካሄድ፣ መድረኩ መሃል ሄዶ ቆመ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ሳይጨርስ የቀረ አንድ ሰው ነበር፤ እሱ እስኪጨርስም ጠበቀ።

«ክቡራን እንግዶች፣ ወላጆች፣ ተማሪዎች» አለ። «ቲያትሩ ተበላሽቷል። ተዋናይዋ ቃሏን በትክክል ተናግራለች፤ ጽሑፉ እዚህ አለ፣ ማየት የሚፈልግ ይመልከት። የተሳሳተው ተመልካቹ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንጀምራለን።»

ሰው የሚቀልድ መሰለው። እሱ ግን ወደ ተዋንያኑ ዞሮ «ቦታ ያዙ» አለ። ልጆቹ ግራ ገብቷቸው እኔን አዩኝ። ርዕሰ መምህሩ ከፊት ተነሥተው «መምህር አጥናፉ፣ ከነበረበት ይቀጥል» አሉ፤ ድምፃቸው እየለመነ ነበር።

«የተበላሸ ነገር ከመሃሉ አይጀመርም» አላቸው። ወደ እኔም ሳይዞር «ገመቹ፣ የመጀመሪያው ዘፈን» አለኝ።

ከፊት ያሉት እንግዶች መነሣት ጀመሩ። የባህሉ ቢሮ ኃላፊ ብቻ ትንሽ ካመነቱ በኋላ ተቀመጡ፤ የሌሎቹ ወንበር ባዶ ሆነ። አጥናፉ ሰዎቹ ወጥተው እስኪያልቁ እጁን አጣምሮ ጠበቀና ከመድረኩ ወርዶ ወደ ኋላ ሄደ። የሐዋን እናት «ኑ፣ እናቴ፣ ከፊት ቦታ አለ» አላት። አልፈለገችም። «ልጁ ይመጣል፣ እንሄዳለን» አለች፤ ልጅቷን ማለቷ ነው። ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ ጎንበስ ብሎ ብዙ ተናገረ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ነጠላዋን ሰብስባ መጥታ ጨርቅ የለበሰው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እሷን ተከትለው ሌሎች የገበያ ሴቶች መጡ።

ከመጀመሪያው ጀመርን። ልጆቹ ደክመዋል፤ ካፖርቱ ላብ ጠጥቶ ከብዷል፤ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። በውስጤ እየተሳደብኩ ተጫወትኩ። የሐዋ የመጀመሪያ ዘፈን ደካማ ነበር። ሁለተኛውን አሻሻለችው። ከዚያ አሮጊቷ ያለችበት ትዕይንት ደረሰ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ሁሉም ምን እንደምትል ያውቃል። እኔ እንደማስበው፣ «አይዞሽ» ብትል ኖሮ ማንም አይፈርድባትም ነበር፤ ሲስቁባት ልዩነቱን ተረድታዋለች።

ተንበረከከች። እጇን ያዘች። ከዚያ ፊቷን ወደ ተመልካቹ አዞረችና በግልጽ፣ ቃሉን ጎትታ፣ «አይዞህ፣ እናቴ» አለች።

ማንም አልሳቀም። እናቷ ከፊት ሆና በበርታ አንድ ነገር መለሰችላት። አኮርዲዮኑን ጀመርኩ፤ በዚህ ጊዜ አልዘገየሁም። መጨረሻው ላይ ጥጡ ከላይ ሲወርድ ግማሹ ሰው ማስነጠስ ጀመረ፤ እኔም ጭምር።

ሐዋ ከትምህርት ቤት አልቀረችም። ዛሬ ሆሞሻ መምህርት ናት።

የእሱ ነገር ግን በዚያው አላበቃም። በሳምንቱ እንግዶችን ተዳፍሯል የሚል ደብዳቤ መጣ። የሦስት መምህራን ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አንዱ እኔ ነበርኩ። የሆነውን ጻፍን፤ ዝግጅት አቋርጧል፣ የተጋበዙ ሰዎችን አሳፍሯል፣ የርዕሰ መምህሩን ትእዛዝ አልተቀበለም። ሁሉም እውነት ነው። ፈረምኩ። ስፈርም እጄ አልከበደኝም፤ ያን ጊዜ የተሰማኝ ዕረፍት ነበር። ከአሁን ወዲያ አንሶላዬ ላይ እተኛለሁ ብዬ ማሰቤን አልክድም።

ከዓባይ ማዶ ወዳለችው ማንኩሽ ተዛወረ። በዚያን ጊዜ ማንኩሽ ለመሄድ በወለጋና በጎጃም ዞሮ ስንት ቀን ይፈጅ ነበር። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘሁት። የሚሰጠኝ የስንብት ቃል ይኖረዋል ብዬ ስጠብቅ፣ ታፔላው ላይ «አዉቶቢስ» ተብሎ የተጻፈውን አሳየኝና እንዲያርሙት እንድነግራቸው አዘዘኝ። አውቶቡሱ ሄደ።

ከዚያ ብዙ ዓመት አላየሁትም። ወለጋ ለመዛወር የነበረኝ ሐሳብም ከነጭራሹ ቀረ፤ አሶሳ አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ። የግድቡ ሥራ ማንኩሽን በሠራተኛ በሞላት ጊዜ ለፈተና አስፈጻሚነት ተላክሁና ሄድኩ። ጡረታ ወጥቶ እዚያው ቀርቷል። ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል፤ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ መንገዱን ከማሳየቱ በፊት በረጅሙ ይተነፍሳል።

ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፤ የሸሚዙ የላይኛ ቁልፍ እንደተቆለፈ ነው። ስለ ሐዋ ነገርኩት፤ አዳመጠ። ስለ ልጆቼ ነገርኩት፤ አዳመጠ። ከዚያ በጉዞው ሁሉ ሳስበው የነበረውን ነገር አወጣሁት።

«መምህር፣ ኮሚቴው ላይ እኔም ፈርሜብዎታለሁ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ቃለ ጉባኤውን አንብቤዋለሁ። በደንብ ተጽፏል። እኔም ኮሚቴ ብሆን እፈርም ነበር። የተጋበዘ ሰው አስቀምጦ እንደገና ማስጀመር ጥፋት ነው።»

«ጥፋት መሆኑን ካወቁ ለምን አደረጉት?»

ጥያቄው የገረመው መሰለኝ። ጠረጴዛ አልነበረም፤ የወንበሩን ክንድ በጣቱ አንድ ጊዜ ነካው።

«ሌላ ምን ላድርግ?» አለኝ። «ልጅቷ መድረክ ላይ ነበረች።»

ከዚያ በኋላ ሰዓቴን ልመለከት፣ ልነሣ ስል፣ ወደ እኔ ሳያይ ተናገረ።

«በፊርማህ አላዘንኩም፣ ገመቹ። ሳቅህን ግን ሰምቼዋለሁ። መጋረጃው ቀጭን ነበር።»

ይቅርታ ልበለው ብዬ አፌን ስከፍት እጁን አነሣና አስቆመኝ። «ለእኔ አይደለም» አለ።

ከማንኩሽ ስመለስ ቤቴ አልገባሁም። በመጀመሪያ የተገኘው መኪና ላይ ተሳፍሬ ሆሞሻ ወረድኩ። ሐዋ ክፍል ውስጥ ነበረች፤ ደጅ ቆሜ ደወሉ እስኪደወል ጠበቅኋት።